የጭሱን መለኪያ ማን ይለካዋል?

በሬዲዮ ከቀረበው የጤና ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ



ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙን ላላዳመጣችሁ፣ ሰምታችሁም እንደገና ማየት ለምትፈልጉ የተዘጋጀ ነው። ካነበባችሁት በኋላ ለጎረቤት አስተላልፉት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም አንብቡላቸው።

በስደተኞች ካምፖች አንዳንድ ጊዜ የማድ ቤት ጭስ የሚለኩ ሰዎች ወደ ቤት ይመጣሉ። ትንሽ ሳጥን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ወይም ቱቦ ያለው ፓምፕ ወጥ የምትሠራዋን እናት ያስታጥቃሉ። በማግሥቱ መጥተው ይወስዱታል። ከዚያም «በዚህ ቤት ያለው ጭስ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ይወጣል።

ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ምድጃ ይታደል ወይስ ይቅር፣ ማገዶው በሌላ ነዳጅ ይተካ ወይስ አይተካ የሚለው ውሳኔ በእሱ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? ዛሬ የምንነጋገረው መሣሪያው ራሱ እንዴት እንደሚፈተን፣ እኛስ ምን መጠየቅ እንዳለብን ነው።

ጭስና አቧራ አንድ አይደሉም

በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ሁሉ እኩል አይጎዳም። ጉዳቱ በአብዛኛው በመጠኑ ይወሰናል። መጠኑ የሚነገረው በማይክሮሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን ለ1000 ብትከፍሉት አንዱ ክፍል 1 ማይክሮሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ያህል ነው።

ነፋስ ከሜዳ የሚያነሣው አቧራ አብዛኛው ክብደቱ ያለው በትልልቆቹ ቅንጣቶች ላይ ነው። ከ10 ማይክሮሜትር የሚበልጡትን አፍንጫና ጉሮሮ በብዛት ይይዟቸዋል፤ በንፍጥና በአክታ ይወጣሉ። የእንጨት ጭስ ግን አብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። አፍንጫ አይይዘውም፤ ደም አየር እስከሚቀበልበት እስከ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን ብናኝ ለይተው መለካት ይፈልጋሉ። ይህን «ፒኤም 2.5» ይሉታል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በ24 ሰዓት አማካይ ፒኤም 2.5 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

መሣሪያው ብናኝን እንዴት ይለያል?

እህል ሲወቃ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። በአውድማ ላይ እህሉ በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ነፋሱ ገለባውን ይዞት ይሄዳል፤ ፍሬው ግን ስለሚከብድ ነፋሱን ሳይከተል እዚያው ይወድቃል። ብናኝ የሚለየው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ፓምፑ አየሩን ይስባል። አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በፍጥነት ያልፍና ከፊቱ ዝርግ ሳህን ያጋጥመዋል። አየሩ ወደ ጎን ይታጠፋል። ትንንሾቹ ብናኞች አብረውት ይታጠፋሉ። ትልልቆቹ ግን በፍጥነት እየሮጠ መታጠፍ እንዳቃተው ሸክም የያዘ ሰው፣ ቀጥ ብለው ሄደው ሳህኑን ይመቱና ይለጠፋሉ። ያለፉት ትንንሾቹ ከበስተኋላ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይሰበሰባሉ። ማጣሪያው ከመለካቱ በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ ልዩነቱ የደቃቁ ብናኝ ክብደት ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። አየሩን በትንሽ ቀፎ ውስጥ እንደ አውሎ ነፋስ ያሽከረክረዋል። ትልልቆቹ ወደ ግድግዳው ተወርውረው ታች ይወርዳሉ፤ ትንንሾቹ በመሀል ይወጣሉ። ሰው ወገቡ ላይ በሚታጠቀው ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይህ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሜይ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብናኝን በተከታታይ ደረጃዎች የሚለይ መሣሪያ በጽሑፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ በአየር ላይ ያሉ ሕያው ጀርሞችን በ6 ደረጃ የሚለይ መሣሪያ አስተዋወቀ። እያንዳንዱ ደረጃ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹም ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየጠበቡ ይሄዳሉ። በላይኛው ደረጃ ላይ የቀረው ጀርም አፍንጫ ላይ የሚቀር ዓይነት ነው፤ ታችኛው ላይ የደረሰው ሳንባ ውስጥ የሚዘልቅ ነው።

ወንፊቱ እንዴት ይፈተናል?

ገበያ ሄዳችሁ ወንፊት ብትገዙ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? መጠናቸውን የምታውቋቸውን እህሎች ታስገቡበታላችሁ። ጤፍ ማለፍ አለበት፤ ምስር መቅረት አለበት። ምስሩ ካለፈ ወንፊቱ ተቀዷል። ጤፉ ከቀረ ዓይኑ ተደፍኗል።

በቤተ ሙከራም የሚደረገው ይኸው ነው። ችግሩ «ሁሉም እኩል የሆነ ብናኝ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አሳዩ። ፈሳሽ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ይገፋል፤ ቀዳዳው በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ የፈሳሹ ክር እኩል እኩል እየሆነ ወደ ጠብታ ይቆራረጣል። ጠብታው ሲደርቅ እኩል መጠን ያለው ብናኝ ይቀራል። ከዚህ ሌላ መጠናቸው የታወቀ ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃዎችም ለፈተና ያገለግላሉ።

ብናኙ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ይጨመራል። ከዚያ በመሣሪያው እንዲያልፍ ይደረጋል። ሲያበቃ ሳህኑም፣ ግድግዳውም፣ ማጣሪያውም ለየብቻ ይታጠባል፤ በየእጥበቱ ውኃ ውስጥ ያለው ቀለምም ይለካል። በዚህም ከገባው ብናኝ ስንቱ እንደቀረ፣ ስንቱ እንዳለፈ ይታወቃል። ፈተናው በ1.5 ማይክሮሜትር፣ በ2፣ በ2.5፣ በ3፣ በ4 እያለ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የትኛውም መሣሪያ እንደ ቢላ አይቆርጥም። «የ2.5 መለያ» ሲባል፣ 2.5 ማይክሮሜትር ከሆኑት ብናኞች ግማሾቹ ያልፋሉ፣ ግማሾቹ ይቀራሉ ማለት ነው። ጥሩ መሣሪያ ከዚያ በታች ያሉትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። መጥፎ መሣሪያ ግማሹን በትክክል 2.5 ላይ ቢያሳልፍም ትልልቆቹን ሾልከው እንዲገቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሚፈተነው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይደለም፤ በብዙ መጠን ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፒኤም 2.5 ደንብ ስታወጣ መሣሪያው በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር እንዲስብ ወሰነች። ይህ በሰዓት 1 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አዲስ ዓይነት መለያ ይዞ የሚመጣ አምራችም መሣሪያው ንጹሕ ሳለ ብቻ ሳይሆን ብናኝ ከጠገበ በኋላም እንዲፈተን ይጠየቃል። አቧራ በሚበዛበት ካምፕ ለምንኖር ለእኛ ይህ ሁለተኛው ፈተና ትልቅ ትርጉም አለው።

መሣሪያው የሚሳሳትባቸው አራት መንገዶች

አንደኛ፣ ፓምፑ ሲደክም። መለያው የሚሠራው በፍጥነት ነው። ባትሪ ሲዳከም ወይም ቱቦ ሲታጠፍ አየሩ ይዘገያል። አየሩ ሲዘገይ ትልልቆቹም መታጠፍ ይችላሉ፤ ወደ ማጣሪያውም ይገባሉ። የአየሩ ፍሰት በግማሽ ቢቀንስ የ2.5 መለያ የነበረው ወደ 3.5 ይጠጋል። በዚያ ላይ የተሳበው አየር በትክክል ካልታወቀ የጭሱ ስሌት ራሱ ይዛባል። ስለዚህ ፍሰቱ ከመለካቱ በፊትም በኋላም በሌላ መለኪያ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ብናኙ ነጥሮ ሲመለስ። ደረቅ አቧራ ደረቅ ሳህን ሲመታ እንደ ኳስ ሊነጥር ይችላል። ነጥሮም ከአየሩ ጋር ወደ ማጣሪያው ያልፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሳህኑን ዘይት ወይም ቅባት መቀባት ነው። በቤተ ሙከራም ፈተናው በእርጥብ ጠብታና በደረቅ ብናኝ ሲደረግ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠብታ ይለጠፋል፤ ደረቁ ይነጥራል።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው አቧራ ሲጠግብ። ሳህኑ ላይ አቧራ ሲከመር አዲሱ ብናኝ የሚያርፈው በዘይቱ ላይ ሳይሆን በአቧራው ክምር ላይ ነው። መለያውም ከቦታው ይሸሻል። ስለዚህ አቧራ በበዛበት ወቅት ሳህኑ ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለበት።

አራተኛ፣ ስንጥቅ ሲኖር። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ወይም የጎማ ቀለበቱ ካረጀ፣ አየሩ በወንፊቱ ሳያልፍ በጎን ይገባል። ይህ መግቢያው ተዘግቶ ፓምፑ ሲሠራ አየር መግባቱን በማየት ይፈተናል።

«ጥቂት ትልልቆች ሾልከው ቢገቡ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። አንድ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ብናኝ፣ ከአንድ ዓይነት ነገር ከተሠሩ፣ 2.5 ማይክሮሜትር የሆኑ 64 ብናኞችን ያህል ይመዝናል። ጤፍ በተመዘነበት ሚዛን ላይ ባቄላ እንደመጣል ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ሚዛኑን ያዛባሉ።

ስህተቱ በእኛ ላይ ምን ያመጣል?

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤት ውስጥ ትክክለኛው የጭስ ብናኝ በሜትር ኩብ 400 ማይክሮግራም ነው እንበል። አዲስ ምድጃ ገባና ወደ 100 ወረደ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ጭሱ 75 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን መለያው ስለተበላሸ 200 የሚያህል የሜዳ አቧራ ሁለቱንም ጊዜ ሾልኮ ገባ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 600 እና 300 ይሆናል። ቅናሹም 50 በመቶ ብቻ ሆኖ ይታያል።

ይህን ወረቀት ያየ ሰው «ምድጃው ያን ያህል አይረዳም» ብሎ ገንዘቡን ሊያስቀር ይችላል። ምድጃው ግን አልበደለም፤ የበደለው ወንፊቱ ነው። መሣሪያን መፈተን የቅንጦት ሥራ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በደንብ ሲለካ ደግሞ ልኬት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ እንዲሁም በቦንጋና በቀብሪበያህ የስደተኞች ካምፖች፣ በኢታኖል የሚሠራ ምድጃ ከመግባቱ በፊትና በኋላ የማድ ቤት አየር ተለክቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የ24 ሰዓት አማካይ ፒኤም 2.5 ከ1,250 ማይክሮግራም ወደ 200 ወረደ፤ ማለትም 84 በመቶ ቀነሰ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም 200 ከላይ ከጠቀስነው የ15 ወሰን አሁንም እጅግ ይበልጣል። ቁጥሩ ሁለቱንም እውነት ይነግረናል፤ መሻሻሉንም፣ የቀረውን መንገድም።

ትንንሾቹ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች

በአሁኑ ጊዜ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ፣ ቁጥር ወዲያው የሚያሳዩ መለኪያዎች በዝተዋል። እነዚህ ብዙዎቹ ብናኙን አይለዩም፤ አይመዝኑምም። በብናኙ ላይ ብርሃን ያበሩና ከተበተነው ብርሃን ተነሥተው ይገምታሉ። ርካሽና ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ድክመት አላቸው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ብናኙ ውኃ ይጠጣና ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል። ከነፋስ የሚመጣውን ሻካራ አቧራ ብዙ ጊዜ አሳንሰው ያያሉ። የእንጨት ጭስንና የአፈር አቧራን ደግሞ በአንድ ዓይን ይመለከታሉ።

ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ ለብቻው አይታመንም። ማጣሪያ ከሚመዝነው መሣሪያ አጠገብ፣ በዚያው ማድ ቤት፣ በዚያው ጭስ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ አብሮ መቀመጥ አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸራሉ፤ የትንሹም ቁጥር ይታረማል። በሌላ አገር ጭስ የታረመ መለኪያ ለእኛ ጭስ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

ለመለካት ሲመጡ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በትሕትና እነዚህን ጠይቁ፤

1. የፓምፑ ፍሰት ዛሬ ተረጋግጧል? ስትመልሱትስ እንደገና ታረጋግጣላችሁ?

2. መለያው ከመጨረሻው ቤት በኋላ ተጠርጓል? ሳህን ካለው፣ ዘይቱ ታድሷል?

3. አየር ሳይሳብበት አብሮ የሚመላለስ ባዶ ማጣሪያ አላችሁ? (ይህ ማጣሪያው በእጅና በመንገድ ብቻ ምን ያህል እንደቆሸሸ ያሳያል።)

4. ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ፣ በዚህ ካምፕ ውስጥ ከሚመዝን መሣሪያ ጋር ተነጻጽሯል?

5. መሣሪያው ከጭስ ሌላ ነገር ይመዘግባል? ውጤቱንስ መቼ ትነግሩናላችሁ?

መለካት በፈቃድ ነው። እምቢ ያለ ሰው ራሽኑ ሊነካበት አይገባም።

ከፈቀዳችሁ ደግሞ የእናንተም ድርሻ አለ። መሣሪያው የተሰቀለበትን ቦታ አትቀይሩ። ብዙ ጊዜ ከምድጃው 1 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከበርና ከመስኮት ፈቀቅ ብሎ፣ ቆሞ በሚሠራ ሰው አፍንጫ ከፍታ አካባቢ ይደረጋል። አትሸፍኑት፤ አፉንም አትጥረጉት። ልጆች እንዳይነኩት ተቆጣጠሩ።

ከሁሉ በላይ እንደ ወትሮው አብስሉ። እንግዳ መጣ ብላችሁ ጭሱን ብትቀንሱ ወይም «እንዲያዩልን» ብላችሁ ብታበዙ፣ ምንም ያህል የተፈተነ መሣሪያ ቢሆን ውሸት ይመዘግባል። ቡና ካፈላችሁ፣ ዕጣን ካጨሳችሁ፣ የትንኝ ማባረሪያ ካነደዳችሁ፣ እንጀራ ከጋገራችሁ፣ ደረቅ መሬት ከጠረጋችሁ ሰዓቱን ያዙና ንገሯቸው። የአቧራ ነፋስ ከነበረም ተናገሩ። ይህ ቁጥሩን ለመረዳት ይጠቅማቸዋል።

ልኬቱን ሳትጠብቁ

ጭስ እንደሚጎዳ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ዛሬ የሚቻለውን ዛሬ አድርጉ።

እሳትን በተቻለ መጠን ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ በዳስ ሥር አንድዱ። እንጨቱን ፈልጣችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ ተጠቀሙ፤ እርጥብ እንጨት ይበልጥ ያጨሳል። ባቄላና ምስር ቀደም ብላችሁ በውኃ ዘፍዝፉ፤ ድስቱን ክደኑ፤ ማብሰያው ጊዜ ያጥራል። ምግቡ ሲበስል እሳቱን አጥፉ። ሕፃን አዝላችሁ በጭስ ላይ አትጎንበሱ፤ ለሌላ ሰው አስይዙት። ቤት ከመጥረጋችሁ በፊት የዕቃ እጥበት ውኃ እርጭ አድርጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እነዚህ መሣሪያዎች የሚለዩት ብናኝን ብቻ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ብናኝ አይደለም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል «ጭስ የለውም» ብላችሁ በተዘጋ ቤት ውስጥ አቀጣጥላችሁ አትተኙ።

ሕፃን ሲያስለው ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛችሁን ቀስቅሱ፤ አትፈሩ።

ለማስታወስ ያህል

ደቃቁ ብናኝ ከትልቁ ይበልጥ ይጎዳል። ደቃቁን ለመለካት መለየት ያስፈልጋል። መለያው ደግሞ መጠኑ በታወቀ ብናኝ ካልተፈተነ፣ ፍሰቱ ካልተረጋገጠ፣ ካልጸዳ፣ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። በቤታችሁ ጭስ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ ሲሰጥ «ወንፊቱ ተፈትኗል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ብሎክ ትክክለኛ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ በየብሎካችሁ ላለው የጤና ሠራተኛ ንገሩ፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም እንመለስበታለን።